ሞተሩ ከወረደ በኋላ፦ አሮጌው ቤሪንግ ይመለስ ወይስ ይቀየር?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ለከፈቱ መካኒኮች፣ ከኮረም ሰቆጣ አይሱዙ ለሚያመላልሱ ሹፌሮች፣ በጽጽቃና በአምደ ወርቅ አካባቢ የናፍጣ ወፍጮ ላላቸው ባለንብረቶች፣ እንዲሁም በወንዝ ዳር በፓምፕ እየሳቡ ለሚያለሙ ገበሬዎች ነው። ሞተር ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ በናፍጣ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ፋሻው ይቀየር ቢባል የሚከራከር የለም፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይገዛ ቢባልም እንደዚያው። ክርክሩ የሚነሳው ክራንክ ሻፍቱንና ቢየላውን የሚያቅፉት ግማሽ ቀለበት የሚመስሉ ስስ ቤሪንጎች ላይ ሲደረስ ነው። ባለንብረቱ አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ይዳስሰውና «ይኼ እኮ ምንም አልሆነም፣ መልሰው» ይላል። መካኒኩም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። በዚህ ዝግጅት የምከራከረው አሮጌ ቤሪንግ አሮጌ ስለሆነ ብቻ እንደማይጣል፣ ደህና ስለመሰለ ብቻም እንደማይመለስ ነው። የሚወስነው ልኬት ነው፤ መለካት ካልተቻለ ግን መቀየር ይገባል። ይህ ሕግ ደግሞ ከመለዋወጫ ገበያ በራቀ እንደ ዋግ ኽምራ ባለ አካባቢ የበለጠ ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

መልሶ መጠቀምን የሚደግፈው ክርክር የመለዋወጫ ነጋዴ ከሚነግረን ይልቅ ጠንካራ መሆኑን አስቀድሜ ልመን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ቢውቻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ቤሪንግ ሲፈትሽ ዘይት የሚጨመርበት ቀዳዳ ከላይ በኩል በሳ። ዘንጉ ሲዞር ግን ዘይቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ በቀዳዳው ሽቅብ ፈሰሰ። በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። የግፊት መለኪያ ሲያስርበት ንባቡ ቤሪንጉ ላይ ካረፈው አማካይ ጫና እጥፍ ደረሰ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ይህን በሒሳብ አብራራው፦ ዘንጉ እየዞረ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት ስለሚጎትተው ዘይቱ ራሱ ጫናውን ይሸከማል፤ ብረት ከብረት አይነካካም። እንግዲህ የማይነካካ ነገር አይበላም። ዘይቱ ንጹሕና በቂ ሆኖ፣ ዘንጉም በበቂ ፍጥነት እየዞረ ከቆየ ቤሪንጉ ብዙ ዓመት ሠርቶም አዲስ ሊመስል ይችላል። «ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዷልና ይጣል» ማለት ብቻውን ምክንያት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ችግሩ ያ የዘይት ሽፋን ሁልጊዜ የማይኖር መሆኑ ነው። ሞተሩ ሲነሳ፣ ዘይቱ ከፓምፑ እስኪደርስ ድረስ ባሉት ሴኮንዶች፣ ብረት ብረትን ይነካል። ሽፋኑ የዘንጉ ፍጥነት ሲጨምር ይወፍራል፣ ጫና ሲበዛ ይሳሳል፣ ዘይቱ ሲግልና ሲቀጥንም ይሳሳል። አሁን ይህን ወደ ዋግ መሬት እናምጣው። መኪናው ከተከዜ ሸለቆ ቆላ ጭነት ይዞ ወደ ሰቆጣ ሲወጣ ሹፌሩ ማርሽ ለመቀነስ ከሰነፈ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ በሙሉ ጫና ይገፋል። ሽፋኑ እጅግ የሚሳሳው ያን ጊዜ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በቂ አየር አያገኝም፤ ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ጥላሸቱም ከፊሉ ዘይት ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የሚግል ሞተር ይበዛል፤ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል። በዚህ ላይ የጠጠር መንገዱ አቧራ አለ። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም ቱቦው ከላላ ያ አቧራ፣ ከቤሪንጉ ብረት በብዙ የሚጠነክር የድንጋይ ብናኝ፣ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዚህ አገር የሠራን ሞተር በሜዳና በአስፋልት እንደሠራ ሞተር መገመት ስሕተት ነው።

ቤሪንጉን ራሱን እንየው። ጀርባው ብረት ነው። በላዩ የመዳብና የእርሳስ ወይም የአሉሚኒየምና የቆርቆሮ ቅይጥ ተለብጧል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከራስ ጸጉር ሲሶ የማይበልጥ፣ በጣም ለስላሳ ልባስ አለ። የዚህ ልባስ ሥራ መሥዋዕት መሆን ነው፤ የገባውን ብናኝ በውስጡ ይቀብራል፣ ዘንጉን ከመቧጨር ያድናል። ግራጫው ልባስ አልቆ ቀላ ያለው መዳብ ብቅ ካለ ቤሪንጉ ድርሻውን ጨርሷል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩት ብዙዎቹ ይህ የላይ ልባስ ስለሌላቸው ቢያልቁም ቀለማቸው አይለወጥም። በዓይን ብቻ የሚፈርድ መካኒክ በነዚህ ይታለላል። በአውራ ጣት መዳሰስማ ጨርሶ አይረዳም፤ የምንፈልገው ልዩነት የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ሲታዩም ሁሉም እኩል አይታዩም። የፍንዳታው ጫና በቢየላ ላይ የሚያርፈው በላይኛው ግማሽ፣ ክራንክ ሻፍቱን በብሎኩ ላይ በሚይዘው ዋናው ቤሪንግ ላይ ደግሞ በታችኛው ግማሽ ነው። ያላለቀውን ግማሽ አሳይቶ «ደህና ነው» ማለት ቀላል ነው።

ወደ ልኬቱ ስንመጣ የሚለካው በዘንጉ አንገት፣ ማለትም ቤሪንጉ በሚያቅፈው የክራንክ ሻፍቱ ክፍል፣ እና በቤሪንጉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የድሮ መሐንዲሶች ግምት ከአንገቱ ውፍረት አንድ ሺኛ ነው፤ 60 ሚሊ ሜትር ለሆነ አንገት 0.06 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ትክክለኛውን ቁጥርና የመጨረሻውን ወሰን የሚሰጠው ግን የየሞተሩ የጥገና መመሪያ ነው። ይህ ክፍተት ለምን እንዲህ ያስጨንቃል? በጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚያልፈው የዘይት መጠን ከክፍተቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚያመልጠው ዘይት ወደ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ያለቀ ቤሪንግ ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ከፓምፑ ርቀው ያሉትን ሌሎቹን ዘይት ያሳጣቸዋል። «አንዱ ብቻ ትንሽ ላልቷል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው» የሚለው ማጽናኛ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። «ሞተሩ ሳይወርድ የዘይት መብራት በርቶ አያውቅም» የሚለው መከራከሪያም ከዚህ ጋር ይወድቃል። በአብዛኛው መኪና ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ሞተር ግን ለየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ይፈልጋል። መብራቱ ሞት ሲቃረብ የሚናገር ነው፤ በሽታን አይመረምርም።

መለኪያው ከባድ ዕቃ አይደለም። ማይክሮሜትር ያለው ጋራዥ የዘንጉን አንገት በሁለት አቅጣጫ ለክቶ ክብነቱን ማወቅ ይችላል። ክፍተቱን ለማወቅ ደግሞ ፕላስቲጌጅ የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ። የደረቀው አንገት ላይ ይጋደምና የቤሪንጉ ክዳን በመመሪያው መጠን በቶርክ ቁልፍ ይታሰራል፤ ዘንጉን ሳያዞሩ እንደገና ተፈትቶ የተዳጠው ክር ስፋት አብሮት ከሚመጣው ወረቀት ጋር ይነጻጸራል። ዋጋው ከአንድ ጣሳ ዘይት ያንሳል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ያለፉ ወጣቶች ያውቁታል። ጋራዡ ውስጥ የሚጎድለው ዕቃው ሳይሆን ልማዱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። ብዙ ሰው «እኛ ጋ መለዋወጫ የለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ያለውን መልሰን እንጠቀም» ይላል። ርቀቱ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን የተገለበጠ ነው። ቤሪንግ ሲያልቅ ብቻውን አይሞትም። ዘንጉን ይቧጭራል፣ ያግላል፣ በመጨረሻም ይነክሰዋል፤ አንዳንዴም ቢየላው ተበጥሶ ብሎኩን ይበሳል። የተቧጨረ ዘንግ ወደ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተጭኖ ዘንግ የሚሞርድ ትልቅ ማሽን ያለበት ወርክሾፕ መድረስ አለበት፤ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ፣ ለዚያ መጠን የሚሆን ወፍራም ቤሪንግ ተፈልጎለት ነው የሚመለሰው። ይህም የሚቻለው ዘንጉ መሞረድ ሲፈቅድ ነው። አይሱዙ ለአንዳንድ የጭነት መኪና ሞተሮቹ ባወጣው የጥገና መመሪያ ዘንጉ ላዩ በልዩ ሕክምና ስለጠነከረ መሞረድ እንደማይፈቀድ ይገልጻል። የጠነከረው ቆዳ ስስ ነው፤ ሲሞረድ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ሞተር ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ዘንጉ ከተበላሸ ሌላ ዘንግ መግዛት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቤሪንጉ ቢከዳው መኪናውን ጎትቶ በዚያው ቀን ጋራዥ ያደርሰዋል። በዝቋላና በአበርገሌ መካከል የቆመ መኪና ግን ጭነቱንም፣ ሰውንም፣ ሳምንቱንም ይዞ ይቆማል። የመክዳቱ ዋጋ በርቀት የሚያድግ ከሆነ የመከላከሉም ዋጋ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። መንገዱ ሩቅ ነውና ቤሪንጉ ይቀየር።

ለዚህ የሚቀርበው ብርቱ ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ የምንቀልድበትም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉት መኪናዎች ይበልጥ እንዲቆዩ ይፈለጋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብር በዶላር ፊት ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው ጨምሯል። ነገር ግን የተወደደው ቤሪንጉ ብቻ አይደለም፤ ዘንጉም፣ ብሎኩም፣ ቢየላውም አብረው ተወደዋል። በጠቅላላው የእድሳት ወጪ ውስጥ ቤሪንጎቹ የሚይዙት ድርሻ ትንሽ ነው፤ የሚጠብቁት ዕቃ ግን ውድ ነው። ገንዘብ ካነሰ ከሌላ ይቀነስ። ፒስተኑ ተለክቶ በወሰኑ ውስጥ ከሆነ ይመለስ፤ ቀለሙና ማሳመሩ ይቆይ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የሚሻል ነው። «አዲሱ ኮፒ ነው፤ አሮጌው ኦሪጅናል ነው፤ ኦሪጅናሉ ይሻላል» ይላሉ ልምድ ያላቸው መካኒኮች። ግማሽ እውነት አላቸው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቤሪንግ ውፍረቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሊለያይ፣ የዘይት ቀዳዳው ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር ላይገጥም ይችላል። ተለክቶ በወሰኑ ውስጥ የተገኘ ኦሪጅናል ከእንደዚህ ዓይነቱ ዕቃ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ልብ በሉ፦ ያሸነፈው አሮጌነቱ አይደለም፤ መለካቱ ነው። አዲሱም ይለካ። ገዢው ወደ ገበያ ሲሄድ አሮጌውን ግማሽ ይዞ ይሂድ፤ ጀርባው ላይ የአምራቹ ምልክትና መጠኑ፣ መደበኛ ወይም 0.25 ወይም 0.50 መሆኑ፣ ተጽፏል። በስልክ ፎቶ ተልኮ በሚኒባስ የሚመጣ ዕቃ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ፎቶ የሚሊ ሜትር መቶኛን አያሳይም። ቤሪንጉ ከመታዘዙ በፊት የዘንጉ አንገት ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ይጻፍ። ባለፈው እድሳት ዘንጉ ተሞርዶ ከነበረ መደበኛ ቤሪንግ ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ሦስተኛው «አሮጌው ከዘንጉ ጋር ተላምዷል» የሚለው ነው። ይህም እውነት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቤሪንጉ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ግማሽ፣ በዚያው አቅጣጫ ሲመለስ። የመስክ ሥራ ላይ የምናያቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ ባለ ስድስት ፒስተን 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር አላቸው። ዘንጉ 7 ዋና አንገትና 6 የቢየላ አንገት አለው፤ በድምሩ 26 ግማሽ ቀለበቶች ማለት ነው። ሲፈቱ በየተራቸው ቁጥር ካልተጻፈባቸውና አንድ ገበታ ውስጥ ተቀላቅለው ከታጠቡ «መላመድ» የሚባለው ነገር አብቅቷል። ለስላሳው ልባስ ውስጥ የተቀበረው ብናኝ ለአንዱ አንገት ተመቻችቶ ተኝቶ ነበር፤ ለሌላው አንገት ግን እንደ ሞረድ ነው። የከፋው የላይኛውና የታችኛው ግማሽ ሲለዋወጡ ነው። በብዙ ሞተሮች ዋናው ቤሪንግ የዘይት ቀዳዳ ያለው በላይኛው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ከተለዋወጡ የዘይቱ መንገድ ይደፈናል፤ ሞተሩም ሳይቆይ ይነክሳል።

ታዲያ መመለስ የሚገባው መቼ ነው? ሞተሩ በቅርቡ ታድሶ በሌላ ምክንያት ከተፈታ፤ ፊቱ እኩል ግራጫ ከሆነና ጭረት ጥፍር የማይይዝ ከሆነ፤ ጀርባው ላይ የመንሸራተት ምልክት የሆነ የሚያብረቀርቅ ቦታ ከሌለ፤ ክፍተቱ ተለክቶ ከወሰኑ ጫፍ ሳይሆን ከአዲሱ ልክ አጠገብ ከተገኘ፤ ዘንጉም ክብና ለስላሳ ከሆነ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ አይመለስም። በተለይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ፈንድቶ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቶ ከነበረ ልኬቱ ደህና ቢሆንም አልመክርም፤ ውሃ የገባበት ዘይት በልባሱ ውስጥ ያለውን እርሳስ ይበላል።

አንድ ልማድ ግን ምንም ዓይነት መከራከሪያ የለውም። የላላ ቤሪንግ ጀርባ ላይ የሲጋራ ወረቀት ወይም የቆርቆሮ ቅዳጅ ማስገባት፣ ወይም የቢየላውን ክዳን ሞርዶ ማጥበብ ማለቴ ነው። ሁለቱ ግማሾች የተሠሩት ከግማሽ ክብ በጥቂቱ አስረዝመው ነው፤ ክዳኑ ሲታሰር ተጨምቀው ከመቀመጫቸው ጋር እንዲጣበቁ። ሙቀቱ ወደ ብሎኩ የሚያልፈው በዚያ መጣበቅ ነው። ወረቀት ሲገባ ሙቀቱ ይታገዳል፣ ቀዳዳው ሊደፈን ይችላል፣ ክቡም ክብ መሆኑ ይቀራል። ክዳኑ ሲሞረድ ደግሞ ቢየላው ራሱ ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ ኦሪጅናል ቢገዛም አይገጥምም። ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ይጠፋል፤ መኪናው እስኪሸጥ ይበቃ ይሆናል።

የወፍጮ ባለቤቶች ጉዳይ በከፊል ይለያል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት ዓመታት መብራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ እንደገና ዋጋቸው የታወቀው ሊስተር መሰል ባለ አንድ ፒስተን ሞተሮች ዋናው ዘንጋቸው የሚዞረው በሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ግማሽ ቀለበት ያለው ቢየላው ላይ ነው። የወፍጮው ዘንግም፣ የውሃ ፓምፑም ኩሽኔታ አላቸው። ኩሽኔታ እንደ ግማሽ ቀለበቱ ሁኔታውን በልኬት አይናገርም። ብረቱ በመደጋገም ይደክማል፤ ድካሙ ከቆዳው ሥር ይጀምርና አንድ ቀን ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። አምራቾች የሚሰጡት ዕድሜ እንኳ ከመቶ ዘጠናው የሚያልፈው ዕድሜ ነው፤ አሥሩ ቀድመው ይሄዳሉ። ስለዚህ ኩሽኔታ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያንገጫግጭ፣ ጉድጓድ ወይም የሙቀት ሰማያዊ ቀለም ያለው ከሆነ ይጣላል። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን እንደ ግማሽ ቀለበቱ ልጨክንበት አልችልም፤ ቀስ እያለ የሚዞር ሞተር ላይ ያለ፣ ሲከዳም በድምፁ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ዕቃ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ የውስጡና የውጭው ቀለበት ከሌላ ጋር አይደባለቅ፤ በመዶሻ ሮለሮቹ በኩል ተመትቶ የወጣ ኩሽኔታ ደግሞ ባይታይበትም ቆስሏልና አይመለስ።

«ቀይረን ነበር፣ በሦስት ወሩ ያው አለቀ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው፤ የተቀየረው ግን ዕቃው እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። የቤሪንግ አምራቾች በየመመሪያቸው ቀዳሚ ጠላት አድርገው የሚያስቀምጡት ቆሻሻን ነው። አሮጌው ቤሪንግ ከመጣሉ በፊት ይነበብ። ሁሉም ፊቱ ላይ ዙሩን ተከትሎ ጭረት ካለ አቧራ ገብቷል፤ የአየር ፊልትሮውና ቱቦው ይታይ። አንዱ ብቻ ተቃጥሎ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ የዚያ አንገት የዘይት መንገድ ተደፍኗል። አንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ቢየላው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የዘንጉ የዘይት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ብሩሽና በናፍጣ እስከ መጨረሻው ይታጠቡ፣ በአየር ይነፉ፤ ባለፈው ጊዜ የተቧጨረው ብረት የተደበቀው እዚያ ነው፤ አዲሱንም የሚገድለው እሱ ነው። ሲገጣጠም የቤሪንጉ ፊት በንጹሕ ዘይት ይታጠብ፣ ጀርባው ግን ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ሞተሩ ተዘግቶ ዘይትና አዲስ ፊልትሮ ከገባ በኋላ ናፍጣው ተዘግቶ በሞተሪኖ፣ ሞተሪኖ ለሌለው ግን የዘይት ፓምፕ ላለው የወፍጮ ሞተር በማንሻ እጀታው፣ የግፊት መለኪያው እስኪነሳ ይዙር። መለኪያ ከሌለው የግፊት ጠቋሚው ተፈትቶ በቀዳዳው ዘይት ሲወጣ በዓይን ይታይ። ዘይት ካልመጣ ናፍጣው አይከፈት።